ቀይ የተቀባ መኪና ይፈጥናል

(ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ ለተሰበሰቡ ወጣቶች ያደረግኩት ንግግር ነው። ስጽፈው አንዳንድ ቦታ አሳጥሬዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ! በዚህ ሙቀት ከጥላ ወጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። በርጫ ትታችሁ የመጣችሁ ካላችሁ ደግሞ ምስጋናዬ እጥፍ ነው።

ሥራዬን አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። የመኪና ቀለም ቀቢ ነኝ። ሃያ ዓመት አልፎኛል። ላሜራው ተቀጥቅጦ፣ ስቱኮው ተለስኖ ሲያልቅ ብርጭቆ ወረቀት ይዤ የምጠጋው እኔ ነኝ። ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለዚች መኪና ነው። ኋላ የተቀመጣችሁ ካልታየቻችሁ አትፍረዱብኝ፤ መዳፌ ላይ ነው ያለችው። መጨረሻ ላይ አዞራታለሁ።

አምና እህቴ ከውጭ ስትመጣ ለልጄ አንድ ካርቶን ይዛ መጣች። ላዩ ላይ ያለው ሥዕል ያስፈራል። ቆዳቸው አረንጓዴ፣ ጥርሳቸው እንደ ከርከሮ የወጣ ፍጡሮች አንድ ቅራቅንቦ የጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥለው ይከንፋሉ። ልጄ ካርቶኑን ሲከፍተው መኪና የለም። ግራጫ የፕላስቲክ ፍርግርግ ብቻ ነው። በሩ እዚህ፣ ጎማው እዚያ፣ የሹፌሩ ጭንቅላት ደግሞ ለብቻው ተሰክቷል። ልጄ ቀና ብሎ አየኝና "አባዬ፣ ተሰብሮ ነው የመጣው" አለኝ።

አቦ! ተሰብሮ የመጣ መኪና የዕለት እንጀራዬ ነው። ተቀበልኩት። ዋጋውን እህቴ አልነገረችኝም። ደግ አደረገች።

ካርቶኑ ውስጥ ያለው የጨዋታ ዕቃ ነው፤ ጨዋታው ዋርሃመር 40,000 ይባላል። የሚያመርተው ጌምስ ወርክሾፕ የሚባል የእንግሊዝ ድርጅት ነው። በ1975 ለንደን ውስጥ ሦስት ጓደኛሞች ጀመሩት፤ ዛሬ መቀመጫው ኖቲንግሃም ነው። ዓመቱን ስጠራ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ እንዳታርሙኝ። በ1983 ሰይፍና ጠንቋይ ያለበትን ጨዋታ አወጡ። በ1987 ደግሞ ወደ ሩቅ ዘመን ተሻግረው ጦርነቱን ሕዋ ላይ አደረጉት።

አጨዋወቱን ለማስረዳት ሩቅ አልሄድም። አያቶቻችን ሰንጠረዥ ይጫወቱ ነበር። የእኛ ሰንጠረዥ ከፈረንጁ ቼዝ የሚለየው በአጀማመሩ ነው። መጀመሪያ ላይ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች እጃቸው እንደፈጠነ ያንቀሳቅሳሉ። ይሄ "ወረራ" ነው። አንዱ የሌላውን ሲበላ ነው ተራ መጠበቅ የሚጀመረው። ዋርሃመርም ከዚያው ቤተሰብ ነው፤ ካሬ ግን የለውም። ጠረጴዛው ሙሉ የጦር ሜዳ ነው። ርቀቱን በመለኪያ ሜትር ትለካለህ፣ ዕድልህን በዳይስ ትሞክራለህ። ተዋጊዎቹን ደግሞ ራስህ ትገጣጥማለህ፣ ራስህ ትቀባለህ። ሕጉ ላይ እኔ ደካማ ነኝ። ልጄ ሁልጊዜ ያሸንፈኛል። ስለዚህ ወደ መኪናዋ ልመለስ።

እነዚያ አረንጓዴዎቹ ኦርኮች ናቸው። መኪናቸውን የሚሠሩት ከየጦር ሜዳው ከለቀሙት ብረት ነው። አንዱ ጎማ ከሌላው አይመሳሰልም። ስፖንዳው በጨረታ የተገዛ ይመስላል። አንድ የጸና እምነት ደግሞ አላቸው፤ ቀይ የተቀባ መኪና ይፈጥናል ይላሉ። ልጄ ይሄን ሲያነብልኝ ከወንበሬ ልወድቅ ነበር። ከአወዳይ ጫት ጭኖ የሚበረውን አይሱዙ የማያውቅ እዚህ አለ? "ቀይ አድርግልኝ፣ ትክነፍ!" ብሎኝ የሄደ ሹፌር ስንት ነው! እነዚህ ፍጡሮች ኖቲንግሃም አልተፈጠሩም። ደንገጎ ዳገት ላይ ነው የተፈጠሩት።

እንግዲህ አሠራሩን ልንገራችሁ። ከጥፋቴ እጀምራለሁ።

የመጀመሪያ ቀን ክፍሎቹን ሳያቸው ቅባት ቅባት አሉኝ። ጋራዥ ውስጥ ቅባት ያየ ቀለም ቀቢ ምን ያደርጋል? ቲነር! ሁለቱን በሮች ቆርጬ ቲነር በያዘ ቆርቆሮ ውስጥ ጣልኳቸው። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ በር የለም። ማስቲካ ነው ያለው። ልጄ አላለቀሰም፤ ዝም ብሎ አየኝ። ከለቅሶ የባሰ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕላስቲኩ ፖሊስታይሪን ይባላል። ፍሪጅ ስትገዙ ካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው ነጭ ፎምም ያው ፖሊስታይሪን ነው፣ በአየር የተነፋ። ፎሙ ላይ ቤንዚን ጠብ ብታደርጉበት እንደ በረዶ ይሟሟል። የእኔም በሮች እንዲሁ ሆኑ። የሚታጠበው በለብ ያለ ውሃና በሳሙና ነው፤ ፋብሪካው ውስጥ ከቅርጹ እንዲላቀቅ የሚቀቡት ነገር ካለ ይለቃል። አለቀ።

ደስ የሚለው ግን የገደለኝ ነገር ራሱ ነው የሚገጣጥመው። የእነዚህ ሞዴሎች ዋናው ሙጫ አይለጥፍም፤ ያቀልጣል። የሁለቱን ክፍሎች ጠርዝ በስሱ ያሟሟና እርስ በርስ ያዋህዳቸዋል፣ ከዚያ ይተናል። ሲደርቅ አንድ ፕላስቲክ ነው። ብየዳ ነው በሉት። ላሜራ የሚበይዱ ልጆች ወዲያው ይገባቸዋል። ሙጫ በዛ ማለት ላሜራው ተበሳ ማለት ነው። ስለዚህ ጠብታ ይበቃል።

ሱፐር ግሉም አለ። እሱ ሌላ ፍጥረት ነው። በ1942 የኮዳክ ኬሚስቶች ለጠመንጃ ማነጣጠሪያ የሚሆን ጥርት ያለ ፕላስቲክ ሲፈልጉ አገኙት። የነካው ሁሉ ላይ እየተጣበቀ ስላስቸገራቸው ተዉት። ገበያ ላይ የወጣው በ1958 ነው። ሱፐር ግሉ የሚደርቀው አየር ላይ ባለው እርጥበት ነው። ድሬ ላይ በደረቁ ወራት ለምን እንደሚዘገይብኝ የገባኝ ያኔ ነው። ክፍሉን ወደ አፌ አስጠግቼ ሃ... አድርጌ እተነፍስበታለሁ፤ ይይዛል።

ሲቆረጥ ሁለት ጊዜ ቁረጡ። መጀመሪያ ከፍርግርጉ ራቅ አድርጋችሁ፣ ቀጥሎ ክፍሉን ተጠግታችሁ። በአንድ ጊዜ ከጠጋችሁ ፕላስቲኩ ይነጫል፣ ጉድጓድ ይተዋል። ከዚያ ስፌቱን ፈልጉ። የተቀመጣችሁበትን የፕላስቲክ ወንበር እግር ዳስሱት እስቲ። ቀጭን መስመር አለ አይደል? የቀለጠው ፕላስቲክ በግፊት ሲገባ ሁለቱ የብረት ቅርጾች የተጋጠሙበት ቦታ ነው። ሞዴሉም ላይ አለ። በካተር ጀርባ፣ በስለቱ ሳይሆን በጀርባው፣ ፋቅ ፋቅ አድርጉት። ቀለም ስፌት አይደብቅም፤ እንዲያውም ያጎላዋል። ይሄን ለሃያ ዓመት ለደንበኞቼ ስነግር ኖሬያለሁ።

ሙጫ ከመንካታችሁ በፊት ሁሉንም ክፍል በደረቁ ግጠሙት። መመሪያው በአብዛኛው ሥዕልና ቁጥር ነው። ችኩል ሰው ቁጥር ይዘላል። እኔ የጋቢናውን ወለል ገልብጬ ለጥፌ መሪው ወደ ኋላ ዞሮ አግኝቼዋለሁ። ለኦርክ ችግር የለውም፤ ለእኔ ግን አሳፋሪ ነው።

ሹፌሩን አትለጥፉት። ለብቻው ቀቡት። ጎማዎቹንም እንደዚሁ። ተለጥፎ ካለቀ ብሩሽ የማይገባበት ቦታ ይኖራል፤ ዓይን ግን ይገባበታል።

ከሳጥኑ የሚተርፈውን ፍርግርግ እንዳትጥሉት። ሻማ ላይ ከፍ አድርጋችሁ፣ ሳታቃጥሉ አሙቁትና ሁለቱን ጫፍ ስባችሁ ዘርጉት። እንደ ፀጉር የቀጠነ ክር ይሆናል። አንቴና ነው፣ የፍሬን ቱቦ ነው፣ የፈለጋችሁትን ነው። የእርጎ ኩባያም ገልብጣችሁ እዩ። ሦስት ማዕዘን ውስጥ 6 ቁጥር ካለ ያው ፖሊስታይሪን ነው፤ በዚያው ሙጫ ይበየዳል። የቀለጡትን በሮች የሠራሁት ከእርጎ ኩባያ ነው። ከፋብሪካው በር ይልቅ ለኦርክ የሚመጥነው እሱ ሆነ። በምላጭ ቆርጬ፣ በመርፌ ጫፍ ሪቬት፣ የላሜራ መያዣ ሚስማሩን፣ ነቀስኩበት። ከሦስት መኪና አንድ መኪና የሚያወጣ ጋራዥ ያደገ ሰው እንዲህ ያለው አይከብደውም።

አሁን ወደ ሙያዬ መጣሁ። ቀለም።

እዚህ ነው ትምክህቴ የተሰበረው። ቀለም አውቃለሁ ብዬ ነው የተቀመጥኩት። ከቀለም በፊት የሚገባውን ሥረ ቀለም፣ ፕራይመሩን፣ ነፋሁ፤ እኩለ ቀን ላይ፣ ግቢ ውስጥ። ሞዴሉ ብርጭቆ ወረቀት ሆነ። በዚያ ሙቀት ቀለሙ ገና አየር ላይ እያለ ደርቆ እንደ ዱቄት ነው ያረፈው። መኪና ላይ ስነፋ ቲነር አብዝቼ እቋቋመዋለሁ፤ የጣሳ ስፕሬይ ግን እንዲያ አያስደርግም። አሁን ማለዳ፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ንፋስ ሳይነሳ ነው የምነፋው። የአዛን ሰዓት ጥሩ ነው።

ቀለሙ አክሪሊክ ነው፣ በውሃ የሚቀጥን። ድሬ ላይ ሳህን ላይ ጠብ ካደረጋችሁት ብሩሽ እስክታነሱ ቆዳ ያወጣል። መፍትሔው ርካሽ ነው። ክዳን ባለው የምሳ ዕቃ ውስጥ ስፖንጅ አርሳችሁ አንጥፉ፣ ላዩ ላይ የኬክ መጋገሪያ ወረቀት ጣል አድርጉ፣ ቀለሙን ወረቀቱ ላይ አድርጉ። ከታች ውሃ እየጠጣ እስከ ማታ አይደርቅም። ቀለሙን ደግሞ አቅጥኑት። የአንድ ወፍራም ድርብ ጥድፊያ ሪቬቱን ሁሉ ይውጠዋል። ሁለት ሦስት ስስ ድርብ ይሻላል።

ቀይ ደግሞ ተንኮለኛ ነው። አይሸፍንም። ጥቁር ላይ ቀጥታ ከቀባችሁት አምስት ጊዜ ደርባችሁም ጥቁሩ ይታያል። መጀመሪያ ቡኒ ቀቡ፣ ከዚያ ቀይ። ጠርዙን ስታፈኩ ደግሞ ነጭ አትቀላቅሉበት፤ ሮዝ ይሆናል። ሮዝ ኦርክ ማየት የሚፈልግ ካለ መብቱ ነው። ብርቱካናማ ነው የሚቀላቀለው።

ጨረስኩ። ቀይ፣ ለስላሳ፣ የሚያንጸባርቅ። ላዩ ላይ ክሊር፣ ቀለም አልባውን ቫርኒሽ፣ ደርቤበት ፊቴን አየሁበት። ልጄን ጠርቼ አሳየሁት። አየው አየው እና ምን አለ መሰላችሁ? "አባዬ፣ አሻንጉሊት ይመስላል።"

አሻንጉሊት ነዋ! አልኩ። ግን ሌሊቱን ሙሉ ከነከነኝ።

ደንበኛ ጋራዥ ሲመጣ ምን ይለኛል? "ዛሬ ከመርከብ የወረደች አስመስላት።" አንዳንዱ ሊሸጣት ነው፤ አልጠይቅም። ሃያ ዓመት የኖርኩት የመኪና ዕድሜ እየደበቅኩ ነው። የዝገቱን ጉድጓድ በስቱኮ እሞላለሁ፣ የተጫረውን አጠፋለሁ፣ አንጸባርቄ እሸኛለሁ። ይቺ ትንሿ መኪና ደግሞ ዕድሜ የላትም። ትናንት ከካርቶን ነው የወጣችው። የምትፈልገው የተገላቢጦሽ ነው። የደበቅኩትን ሁሉ አምጣ ነው የምትለኝ።

ደስ አለኝ። ዕድሜ የሚደብቅ ሰው ዕድሜ የት እንደሚቀመጥ ያውቃላ!

በማግስቱ እሑድ ልጄን ይዤ አሮጌውን የባቡር ጣቢያ ለማየት ሄድን። ከተማችን የተቆረቆረችው በእሱ ነው። በ1902 ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ ደረሰ፤ ሐረር ተራራ ላይ ስለነበረች ሳይወጣላት ቀረ። ፉርጎዎቹን አየናቸው። ልጄ "ቡኒ ናቸው" አለ። "ቡኒ የሚባል ቀለም የለም፣ ጠጋ በል" አልኩት። አዲስ ዝገት ብርቱካን ነው። የቆየው የቡና አተላ ይመስላል። ከላይ ወደ ታች የሚወርደው መስመር ሁሌም ከብሎን ወይም ከሪቬት ይነሳል፤ ውሃ እዚያ ያርፋልና። የበሩ እጀታ ግን አልዛገም። ሰው ሲነካው ስለኖረ ነው። እጅ የሚነካው፣ እግር የሚረግጠው ቦታ ብረቱ ያብለጨልጫል። ዝገት ሰው የረሳው ቦታ ላይ ነው የሚቀመጠው።

ቤት ተመለስን። ቀዩን መኪና በድጋሚ ጀመርነው።

መጀመሪያ ዝገቱን ቀባሁ፤ ሙሉ መኪናውን፣ ቡኒና ብርቱካን አድርጌ። ሲደርቅ ክሊር ደረብኩበት። ከዚያ ሊቀረፍ በሚገባው ቦታ ላይ ውሃ አስነክቼ ጨው ነሰነስኩ። የአፋር ጨው ነው፣ ከባለቤቴ ማሰሮ። የት የት? በፓራፋንጎው ከንፈር፣ በስፖንዳው አናት፣ ሹፌሩ ሲወጣ በሚረግጠው ቦታ፣ ዕቃ ሲጫን በሚመታው። ጨው ላይ ቀይ ቀለም። ሲደርቅ ጨዉን በእርጥብ ብሩሽ ፈተግኩት። ቀዩ ከጨው ጋር ተነሳ፣ ከሥሩ ዝገቱ ወጣ። ልጄ ጮኸ። እኔም አልዋሽም፣ ጮህኩ። ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲሆንብኝ ደንበኛ ነበር የሚጮኸው።

ቀጥሎ በጣም የቀጠነ ጥቁር ቡኒ ለቀቅኩበት። ራሱ እየፈሰሰ ሪቬቱ ዙሪያና ስንጥቁ ውስጥ ይቀመጣል፤ ስኒ ሥር እንደሚቀር አተላ። በመጨረሻ የተቀደደ ስፖንጅ ጥቁር ቡኒ ቀለም አስነክቼ፣ ወረቀት ላይ አራግፌ፣ ጠርዞቹን ነካ ነካ። እዚህ ላይ እጅ ሰብሰብ ማድረግ ያስፈልጋል። መርቅናችሁ አትቀመጡ። አንድ ማታ መርቅኜ ተቀምጬ ጠዋት ስነሳ መኪናዋ ሙሉ በሙሉ ጭረት ሆና አገኘኋት። ምርቃና ማቆም አያውቅም።

አቧራውን ሁላችሁም የምትጠይቁኝ ነው። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ሞልቶናል፣ ለምን አንነሰንስም? ልኬቱን አስቡት። የዚህ ጨዋታ ሰው ቁመቱ 28 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከእውነተኛ ሰው በግምት ስልሳ ጊዜ ያንሳል። ስለዚህ አንድ ሚሊ ሜትር የአሸዋ ቅንጣት እዚህ ስድስት ሴንቲ ሜትር ድንጋይ ናት። አቧራ አይደለም፣ የግንብ ጠጠር ነው። የአሮጌው ሐዲዳችን ወርድ አንድ ሜትር ነው፤ በዚህ ልኬት ከ17 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። በጨርቅ ካልተነፋ አሸዋ ዋጋ የለውም። ታችኛው ላይ የምትቀረዋን ዱቄት ነው የምፈልገው። ለዝገት ደግሞ ቀለም መግዛት አያስፈልግም። ከአሮጌ ቆርቆሮ የፋቃችሁት ዝገት እውነተኛው ነው። ማርሚታው ጫፍ ላይ ትንሽ የከሰል ብናኝ። አቧራው ከታች ወደ ላይ እየሳሳ ይሄዳል፤ ጎማ የሚያነሳው ነውና። ጣሪያው ላይ ካበዛችሁት መኪናዋ ቆማለች ማለት ነው፣ እየሄደች አይደለም።

ከዚያ ማት ክሊር። የሚያንጸባርቀውን ገደልኩት። እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ሃይማኖት የቀየርኩ ያህል። ትልቅ መኪና ላይ ነጸብራቅ ያምራል። በዚህ መጠን ግን መላ ጣሪያው በአንድ ነጭ ነጥብ ይወረራል፤ ዓይን ፕላስቲክ ነው ብሎ ይፈርዳል። አንጸባራቂ የተውኩት አንድ ቦታ ብቻ ነው። ከሥር፣ የኋላው ዲፈረንሻል ላይ፣ ጥቁር ቡኒ ቀለም ከአንጸባራቂ ክሊር ጋር ቀላቅዬ ሁለት ጠብታ አስቀመጥኩ። ለምን? እንጃ። እጄ ራሱ ነው የሄደው።

ሰኞ ጠዋት ጋራዥ ይዣት ሄድኩ። ዕድሜውን በሙሉ ዲፈረንሻል ሲፈታ የኖረ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አለን። ኦርክ ቢሉት የሚያውቅ ሰው አይደለም። መነጽሩን አደረገና ተቀበለኝ። አረንጓዴውን ሹፌር ዘሎት አለፈ። ጎማዎቹን አየ። ከዚያ እንደ ማንኛውም መካኒክ ገለበጣት፣ ሆዷን አየ፣ በጣቱ ነካ አደረገና ጣቱን ጨርቅ ላይ ጠረገ።

"ይቺ ኋላዋ ዘይት ታፈስሳለች" አለኝ። "ባለቤቷ ማነው?"

እሺ፣ አሁን ላዙራት። ከፊት እጀምራለሁ፣ ወደ ኋላ አሳልፏት። በጎማው አትያዟት፣ በሻንሲው ያዙ። ማርሚታውን ደግሞ ትናንት ማታ ነው የለጠፍኩት፣ ገና አልጠነከረም።